መስማት ያቃተው ኤዲሰን ማየት ለተሳናቸው የጻፈው ዝርዝር

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ነው። አዎ፣ ያ የአምፖሉ ሰውዬ። ስለ አምፖሉ ግን ብዙ አንልም፤ እሱን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስትሰሙት ኖራችኋል። እኛን የሳበን ሌላ ነገር ነው። ኤዲሰን ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ሆኖም የሰውን ድምፅ ቀድቶ መልሶ ያሰማ የመጀመሪያውን ማሽን የሠራው እሱ ነው። ማሽኑን በሠራ በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ ምን ምን ሊያገለግል እንደሚችል ዝርዝር ጻፈ። በዝርዝሩ ሁለተኛው ተራ ላይ ዓይነ ስውራን የሚያዳምጡት መጽሐፍ አለ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰዓቱን በሰው አንደበት የሚናገር የቤት ሰዓት አለ።

ይህን የጻፈው በ1878 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

አሁን ቲክቶክ ላይ ሰው ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ መብራቱን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን በቃል ብቻ ሲያዝዝ ታያላችሁ። ለብዙዎቻችን ቅንጦት ነው፤ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ማብሪያውን መጫን ማንን ይገድላል? ማየት ለተሳነው ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የቀጨኔን ማድ ቤት አስቡት። እዚህ ሰፈር ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ ጀበና ሲገዛ በጣት ኳ ኳ ተደርጎ ይደመጣል፣ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ይታፈናል። ቡናው ሊፈላ ሲል ድምፁ ይለወጣል፣ ሽታውም ይመጣል። የድሮው የኤሌክትሪክ ምድጃ መዞሪያ እንኳ ቀጭ ቀጭ ስለሚል በእጅ ይቆጠራል። ስለዚህ ዓይን የማያየውን ጆሮና ጣት ይሞሉታል። አስቸጋሪው አዲሱ ዕቃ ነው። ፊቱ እንደ ስልካችሁ ስክሪን ልሙጥ መስታወት የሆነው ምድጃና ማይክሮዌቭ ላይ ጣት ምንም አያገኝም፤ ድምፅ ቢያወጣም አንድ ዓይነት ጢጥ ነው። ዕቃው እየዘመነ ሲሄድ በር እየተዘጋበት ያለ ሰው አለ ማለት ነው። ያንን በር መልሶ የሚከፍተው ከዕቃው ጋር መነጋገር መቻል ነው። የዚህ ሐሳብ ሥር ደግሞ ኤዲሰን ጋ ይደርሳል።

ኤዲሰን ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ለቤቱ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። 7 ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ሚሺጋን ውስጥ ወደምትገኘው ፖርት ሂውረን ተዛወረ። ትምህርት ቤት የቆየው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ አስተማሪው ፈዛዛ አድርጎ ቆጠረው። እናቱ ናንሲ ቀድሞ አስተማሪ ነበረችና ይህን ስትሰማ ተናደደች፤ አውጥታ ቤት ውስጥ ራሷ አስተማረችው።

በ12 ዓመቱ ከፖርት ሂውረን ዲትሮይት በሚመላለስ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር። በ15 ዓመቱ ደግሞ ያችኑ ባቡር ማተሚያ ቤት አድርጎ የራሱን ጋዜጣ እዚያው ማተም ጀመረ። የባቡር ሰዓት ለውጥ፣ የሰፈር ወሬ፣ የገበያ ዋጋ፣ ሁሉም አለበት። ማንም ሳይቀጥረው ዜና ይሠራ ነበር ማለት ነው። እኛ ስልክ አለን፣ እሱ የዕቃ ፉርጎ ነበረው። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው ብለን ብንኩራራ አትፍረዱብን።

ጆሮው መዳከም የጀመረው በዚህ ዕድሜ ነው። ለምን እንደሆነ እሱ ራሱ ሲያወራ አንድ የባቡር ሠራተኛ ጆሮውን ይዞ ወደ ፉርጎው እንደጎተተውና የሆነ ነገር ቀጭ ሲል እንደተሰማው ይናገር ነበር። ታሪኩን የጻፉት ብዙዎቹ ግን የልጅነት ሕመም ነው ይላሉ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ከዚያ በኋላ የወፍ ድምፅ ሳይሰማ ኖረ። እያደገ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ባሰበት።

በ1862 አንድ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ትንሽ ልጅ ሐዲድ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊደፈጥጠው ሲል ኤዲሰን ሮጦ አወጣው። አባትየው ውለታውን የመለሰው ቴሌግራፍ በማስተማር ነው። ቴሌግራፍ በሽቦ የሚላክ የምት ቋንቋ ነው፤ አጭር ምትና ረጅም ምት እየተደባለቁ ፊደል ይሆናሉ። ኤዲሰን እዚህ ላይ ጆሮው አልጎዳውም። ጫጫታ የሞላበት ክፍል ውስጥ ከፊቱ ያለውን መሣሪያ ምት ብቻ ነበር የሚሰማው፤ የጎረቤቱ አያውከውም። እየተዘዋወረ ዓመታት በዚሁ ሥራ ኖረ። በኋላ በ1871 ሜሪ ስቲልዌልን አግብቶ ልጆች ሲወልድ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በቤት ስም ነጥብና ሰረዝ ብሎ ጠራቸው፤ የቴሌግራፍ ምልክቶች ናቸው።

የመጀመሪያ ፓተንቱን ያገኘው በ1869 ሲሆን ለምክር ቤት አባላት ድምፅ መስጫ የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚቆጥር መሣሪያ ነበር። ፈጣን ነው፣ አይሳሳትም። ማንም ግን አልፈለገውም! ፖለቲከኞቹ ድምፅ አሰጣጡ ቀስ እንዲል፣ በመሐል ማግባባት እንዲቻል ነበር የሚፈልጉት። ከዚያ ወዲያ ኤዲሰን ገዢ የሌለውን ነገር ላለመሥራት ወሰነ። ይቺን ውሳኔ ያዙልን፤ ወደ ኋላ ላይ ታስፈልገናለች።

በ1876 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜንሎ ፓርክ በሚባል ሰፈር ላቦራቶሪ ከፈተ። በ1877 በስልክና በቴሌግራፍ ላይ ሲሠራ ነው ነገሩ የመጣው። በስልክ ውስጥ ድምፅ ሲገባ የምትርገበገብ ስስ ሽፋን አለች። ኤዲሰን ድምፁ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በጆሮው መለየት ስላልቻለ ሽፋኗ ላይ ትንሽ መርፌ አጣብቆ በጣቱ ነካት። ሲናገር መርፌዋ ጣቱን ትወጋው ነበር። ጣትን መውጋት ከቻለች ለስለስ ያለ ነገር ላይ ልትጽፍ ትችላለች፤ የጻፈችውን ዱካ ተከትላ ብትመለስ ደግሞ ሽፋኗ ያንኑ ድምፅ ታወጣለች ብሎ አሰበ።

በደንብ የሚሰማ ሰው ቢሆን ኖሮ ጣቱን እዚያ ያስገባ ነበር ወይ? እኛ እንጃ። ግን የድምፅ ቅጂ የተጀመረው መስማት ባቃተው ሰው ጣት ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ንድፉን ለሠራተኛው ለጆን ክሩዚ ሰጠው። ክሩዚ ዙሪያውን ጎድጓዳ መስመር ያለው በእጅ የሚዞር የብረት ሲሊንደር ሠራ፤ በላዩ ላይ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ተጠቀለለ። ዲሴምበር 1877 መጀመሪያ ላይ ኤዲሰን እጀታውን እያዞረ ስለ አንዲት ልጅና በግዋ የሚያወራ የሕፃናት ግጥም ጮክ ብሎ አለበት። ከዚያ መርፌዋን መልሶ አዞረው። ማሽኑ ደገመው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ደነገጡ፤ ኤዲሰን ራሱ መጀመሪያ በሞከሩት ጊዜ የሚሠራ ነገር ስለማያምን የባሰ ደነገጠ። ስሙን ፎኖግራፍ አሉት። በቀናት ውስጥ ኒው ዮርክ ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት ቢሮ ወስዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ማሽኑ ስለ ሰዎቹ ጤና ጠየቀ፣ ራሱንም አስተዋወቀ። ፌብሩዋሪ 1878 ፓተንቱ ጸደቀ። በኤፕሪል ደግሞ ዋይት ሐውስ ተጠርቶ ለፕሬዚዳንት ሄይስ በውድቅት ሌሊት አሳየ።

ዝርዝሩን የጻፈው በዚያው ሰሞን፣ ኖርዝ አሜሪካን ሪቪው ለሚባል መጽሔት ነው። አስር ነገሮች አሉት። አንደኛው የቢሮ ነው፤ ደብዳቤን በቃል ተናግሮ ማስቀረት። ሁለተኛው ዓይነ ስውራን ያለ ድካም የሚያዳምጡት መጽሐፍ። ከዚያ የንግግር ትምህርት፣ ሙዚቃ፣ የቤተሰብ ድምፅ ማስቀመጫ (ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን የመጨረሻ ቃል ጭምር)፣ የሚናገር አሻንጉሊት፣ የምግብና ወደ ቤት መሄጃ ሰዓትን በሰው ድምፅ የሚያስታውቅ ሰዓት፣ ቋንቋዎችን ከነአነጋገራቸው ማቆየት፣ የመምህርን ትምህርት ለተማሪ ማስቀረት፣ በመጨረሻም ከስልክ ጋር ተገናኝቶ የስልክ ንግግርን መቅዳት።

ስልካችሁን አውጡና አንድ በአንድ አመሳክሩ። የቴሌግራም ቮይስ፣ ፖድካስት፣ የድምፅ መጽሐፍ፣ የተቀዳ ሌክቸር፣ አላርም... ሁሉም አለ። ሰውየው ከ140 ዓመት በላይ ቀድሞ ስልካችሁን በወረቀት ላይ ሠርቶታል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ተራ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ለምን? አንዱ ምክንያት ዕቃው ነው። የቆርቆሮ ወረቀቱ የሚይዘው የደቂቃ ያህል ንግግር ብቻ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከተሰማ በኋላ ደግሞ ይበላሻል። መጽሐፍ የት ይገባል? ሁለተኛው ምክንያት ያቺ ውሳኔ ናት፤ ገዢ የሌለውን ላለመሥራት። የጋዝ መብራትን የሚተካ ነገር ከተማ ሙሉ ገዢ ነበረው። ስለዚህ ኤዲሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎኖግራፉን ጥሎ ወደ አምፖል ሄደ፤ ለአስር ዓመት ያህልም አልተመለሰም። በ1879 ብዙ ሰዓት የሚበራ አምፖል፣ በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ። በቃ፣ የአምፖሉ ክፍል ይኸው ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ከኤሌክትሪክ ውድድሩ ጋር በተያያዘ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። አፄ ምኒልክ ከአሜሪካ የሞት ቅጣት መፈጸሚያ የኤሌክትሪክ ወንበር አዝዘው፣ አገሩ ላይ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ አንዱን ዙፋን አደረጉት የሚለው። ማስረጃ የለውም። ሼር ማድረጉን ተዉት።)

ሜሪ በ1884 በወጣትነቷ ሞተች። በ1886 ኤዲሰን ሚና ሚለርን አገባ። ሚናን የቴሌግራፍ ቋንቋ አስተምሯት ስለነበር የጋብቻ ጥያቄውን ያቀረበላት በመዳፏ ላይ በጣቱ እየመታ ነው፤ እሷም በዚያው መንገድ መለሰችለት። ቲያትር አብረው ሲገቡ ተዋንያኑ የሚሉትን በጣቷ ጉልበቱ ላይ እየመታች ታስተላልፍለት ነበር። እኛ ከሕይወት ታሪኩ ሁሉ ይህን ክፍል ነው የወደድነው። ስንት ሺህ ነገር የፈለሰፈው ሰው ቤቱ ውስጥ ለራሱ ችግር ያገኘው መፍትሔ ባትሪ የማይፈልግ የሚስቱ ጣት ነው።

ወደ ፎኖግራፉ የመለሰው ቅናት ነው። የስልኩ ሰው የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ላቦራቶሪ ቆርቆሮውን በሰም ተክቶ የተሻለ ማሽን አወጣ። ኤዲሰን ይህን ሲያይ በ1888 ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንቅልፍ አጥቶ የራሱን የሰም ፎኖግራፍ አወጣ። በዚህ ጊዜ ከሁሉም በላይ ያስቸገረው የ«ስ» ድምፅ ነበር። ማሽኑ ሌላውን ሁሉ ይይዛል፣ «ስ» ሲሆን ይውጠዋል። ቃሉን ይሰጡታል፣ መጀመሪያውን ቆርጦ ይመልሳል። ለወራት ያንኑ ድምፅ ሲደጋግም ኖረ። አስቡት፤ «ስ» ደግሞ ጆሮ ሲዳከም ቀድመው ከሚጠፉት ድምፆች አንዱ ነው። ሙዚቃ ለመስማት ደግሞ የማሽኑን ወይም የፒያኖውን እንጨት በጥርሱ ይነክስ ነበር፤ ንዝረቱ በአጥንት በኩል እንዲገባለት።

በ1890 ሆዷ ውስጥ ትንሽ ፎኖግራፍ ያለባት አሻንጉሊት ለገበያ አቀረበ። ከዝርዝሩ ስድስተኛው መሆኑ ነው፤ ለቤት የተሠራ የመጀመሪያው የሚናገር ዕቃ ልንለው እንችላለን። ከሳምንታት በኋላ ከገበያ ወጣች። ቶሎ ትሰበራለች፣ ድምፅዋም ሕፃናቱን ያስፈራል። ቅጂው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ማታ ብቻችሁን አትስሙት።

ቀጥሎ የፎኖግራፉ ታሪክ ወደ እኛው ከተማ ይመጣል። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃል በፎኖግራፍ ቀድተው በካፒቴን ሃሪንግተን በኩል ላኩ። አዲስ አበባ ላይ ተሰማ፤ የንግሥቲቱ ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱም መልሳቸውን በአማርኛ ቀድተው ላኩ። የእነሱ ድምፅ ግን ዛሬም አለ፤ ፈልጋችሁ ማዳመጥ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ፎኖግራፉ አማርኛ አያውቅም። እንግሊዝኛም አያውቅም። ምንም አያውቅም። አየሩ ሲርገበገብ መርፌዋ ሰም ላይ ትጭራለች፣ አለቀ። ለዚህ ነው የቪክቶሪያንም የጣይቱንም ድምፅ እኩል የተቀበለው። ለአማርኛ የሚሆን ተብሎ የተለየ ፎኖግራፍ አላስፈለገም። የዛሬው የሚታዘዝ ዕቃ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ መስማት ብቻ ሳይሆን መረዳት አለበት። ስሙን ስትጠሩት ይነቃል፣ ንግግራችሁን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ይልካል፣ እዚያ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፣ ትርጉሙ ይፈለጋል፣ ከዚያ ትእዛዙ ተመልሶ መብራቱ ይበራል። በዚህ መንገድ ላይ ቋንቋችሁን የማያውቅ ማሽን ካለ በሩ ተዘጋ። ከ1899 በኋላ ማሽኑ ሲራቀቅ ለአማርኛ ጠበበ ማለት ነው፤ ይገርማል አይደል?

የኤዲሰንን ሕይወት እንጨርስ። ፎኖግራፉን መጀመሪያ የቢሮ ዕቃ አድርጎ ሊሸጠው ነበር፤ ገንዘብ ያመጣው ግን ሳንቲም እየተጨመረበት ዘፈን የሚያሰማው ሆነ። ሕዝቡ ሙዚቃ ፈለገ፣ ፋብሪካውም ሙዚቃ ሠራ። የሚገርመው፣ የትኛው ዘፋኝ እንደሚቀዳ ለረጅም ጊዜ የሚወስነው መስማት የማይችለው ኤዲሰን ራሱ ነበር፤ በምርጫውም ከተፎካካሪዎቹ ወደ ኋላ ቀረ። በዲሴምበር 1914 የዌስት ኦሬንጅ ፋብሪካው ትልቅ ክፍል ተቃጠለ፤ 67 ዓመቱ ነበር፣ ወዲያው መልሶ መገንባት ጀመረ። በ1926 ብዙ ደቂቃ የሚያጫውት ሸክላ ሞከረ። (ሸክላ ስንል የዘፈኑን ነው፤ የቀጨኔ ልጆች እንዳትጋጩብን።) ለመጽሐፍ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነበር፤ ግን አልተሳካለትም። በ1929 ከሸክላ ንግድ ወጣ።

ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ አረፈ። በስሙ 1,093 የአሜሪካ ፓተንት ነበረው። በቀብሩ ዕለት ማታ በመላ አሜሪካ ሰዎች ለአንድ ደቂቃ ያህል መብራታቸውን አጠፉለት። ጋዜጦቹ ያወሩት ስለ አምፖሉ ነው።

በዚያው በ1931 መጋቢት አካባቢ የአሜሪካ ምክር ቤት ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት የሚሆን በጀት የሚመድብ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ መጀመሪያ ለብሬል መጻሕፍት። ሁለተኛው ተራ ከወረቀት የወረደው ከዚህ በኋላ ነው። የገፋውም የኤዲሰን ኩባንያ አልነበረም። ሮበርት አርዊን የሚባል ሰው ነው፤ ከ5 ዓመቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የነበረ፣ የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽንን የሚመራ። ተራው የዘፈን ሸክላ በአንድ ገጽ 4 ደቂቃ ገደማ ሲይዝ የእነሱ ቀስ ብሎ የሚዞረው ሸክላ 15 ደቂቃ ገደማ ያነባል፤ ስለዚህ ልብ ወለድ በአንድ ካርቶን ሸክላ ይገባል። በ1934 ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚናገሩ መጻሕፍት መላክ ጀመሩ። ኤዲሰን ከሞተ 3 ዓመት፣ ዝርዝሩን ከጻፈ 56 ዓመት። ቴክኖሎጂው ቢዘገይም ይህን ያህል የዘገየው በቴክኖሎጂ ብቻ አይመስለንም። ገዢ ተብሎ የሚቆጠር ሰው አልነበረም። ጥያቄው ቢሮ ገብቶ የተቀመጠው ጉዳዩ የራሱ የሆነ ሰው ወንበሩን ሲይዝ ነው።

ስልካችሁ ላይ ያለውም እንደዚሁ ነው። በ2009 አይፎን ስክሪኑን የሚያነብ ቮይስኦቨርን፣ አንድሮይድ ደግሞ ቶክባክን ይዘው መጡ። አንድሮይድን ዓይነ ስውራን እንዲጠቀሙበት ሲያዘጋጁ ከነበሩት የጉግል መሐንዲሶች መካከል ቲ.ቪ. ራማን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። በዚያ ዓመት ልሙጥ መስታወት ለጣት መናገር ጀመረ፤ ምድጃውና ማይክሮዌቩ ግን እስካሁን አብዛኛው ዝም እንዳለ ነው።

በእኛ አገርስ? ለአማርኛ የሚያነብ ድምፅ መጀመሪያ የነበረን ሰው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ማየት የሚችለውም የማይችለውም እኩል ተቀምጦ ሰምቷል። ያንን ያህል የሚወደድ የድምፅ መጽሐፍ አሁንም አልመጣም፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ማየት የተሳነው ተማሪ ግን ዛሬም ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን የሚያነብለት ጓደኛ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች። በ2020 ደግሞ መጻሕፍትን ያለ ቅጂ መብት እገዳ ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ ማዘጋጀት የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት ተቀብላለች። ሁለተኛው ተራ በሕግ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ቀሪው ተቀምጦ ማንበብና መቅዳት ነው።

የቤት ዕቃው ግን ገና ነው። አሌክሳም ሲሪም በአማርኛ አይታዘዙም። ጉግል በ2017 የድምፅ መተየቢያው ላይ አማርኛን ከስዋሂሊ ጋር ጨምሯል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም የተናገሩትን መጻፍና ትእዛዙን ተረድቶ ምድጃ ማጥፋት አንድ አይደሉም። የሰፈራችንን ስም ብቻ ውሰዱ። ቀጨኔ። «ቀ» እና «ጨ» እንግሊዝኛ ውስጥ የሌሉ ጠንካራ ድምፆች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ያደገ ማሽን «ከ» እና «ቸ» አድርጎ ይሰማቸዋል። መጣ እና መታ ለእሱ አንድ ሊሆኑበት ይችላሉ። ኤዲሰን በ«ስ» የተሰቃየውን ያህል አንድ ሰው በ«ቀ» እና በ«ጠ» መሰቃየት አለበት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አጥፋ የሚለው ትእዛዝ ውስጥ «ጥ» አለች። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር እያለ «ጥ»ን የማይሰማ ማሽን አደጋ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አማርኛ ሲያዝዝ ወንድና ሴት ይለያል። ዕቃውን አጥፋ እንበለው፣ አጥፊ እንበላት ወይስ አንቱ ብለን ያጥፉ እንበላቸው? እዚህ ሰፈር ያሉ እናቶች ያለ ጥርጥር አንቺ ነው የሚሏት። ማሽኑ ሦስቱንም ማወቅ አለበት። የቀጨኔ አዛውንት፣ የጎጃም ተማሪ፣ የወሎ ነጋዴ አነጋገርም ይለያያል። ይህን ሁሉ ማሽን የሚማረው ከተቀዳ ድምፅ ነው፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ሰዓት። በኤዲሰን ዝርዝር ስምንተኛው ተራ ላይ የነበረው፣ ቋንቋን ከነአነጋገሩ መቅዳት፣ ለሰባተኛውና ለሁለተኛው ተራ ጥሬ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ከተቀጂዎቹ መካከል ማየት የተሳናቸው ሰዎች ካልኖሩ ደግሞ ማሽኑ ማድ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ አይማርም፤ ምጣዱ ግሎ እንደሆነ፣ እሳቱ ስንት ላይ እንዳለ፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። (መብራት ከጠፋማ ዕቃውም አይመልስም። ያኔ ወደ ጀበናው ድምፅ መመለስ ነው።)

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሩልን። የጉግል ኪቦርዳችሁን ቋንቋ አማርኛ አድርጉ፣ ማይኩን ንኩና ቀጨኔ በሉት። ከዚያ ደግሞ ምድጃውን አጥፋ። የጻፈውን ስክሪንሾት ላኩልን፤ ቃሉን የተናገረው ሰው ዕድሜና ያደገበት አካባቢም ቢኖርበት ጥሩ ነው። አያቶቻችሁንም አስሞክሩ።